ባለ ሦስት እግር ወይስ ባለ አራት ጎማ፣ ጠባብ ወይስ ሰፊ፦ ሐረጎ ላይ ነዳጅህን የሚበላው ምንድን ነው?

ጥያቄው ከአንድ የሐይቅ ወጣት የመጣ ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው።

«ከሐርቡና ከኮምቦልቻ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ ደሴ አወጣለሁ። ሲተርፍ ሐይቅ አደርሳለሁ። እስካሁን የሠራሁት በኪራይ መኪና ነው። አሁን ከወንድሜ ጋር ገንዘብ አጠራቅመን የራሳችንን ልንገዛ ነው። የቀረቡልን ሦስት ናቸው። አንደኛው ባለ ሦስት እግር የጭነት ባጃጅ ነው፤ ባዶው 4 ኩንታል ይመዝናል፣ 5 ኩንታል ይጭናል። ሁለተኛው ባለ አራት ጎማ ትንሽ የጭነት መኪና ነው፤ ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ባዶው 8 ኩንታል፣ የሚጭነው 7 ኩንታል ተኩል ነው። ሦስተኛው በአራቱም ጎማ የሚጎትት ፒክአፕ ነው፤ ስፋቱ 1.8 ሜትር፣ ባዶው 17 ኩንታል፣ የሚጭነው 10 ኩንታል ነው። ጓደኞቼ ‹ሦስት ጎማ መሬት የሚነካው ትንሽ ስለሆነ ነዳጅ አይበላም፤ ሰፊ መኪና ግን ነፋስ እየገፋ ስለሚሄድ ይበላል› ይሉኛል። የትንሿ መኪና ሻጭ ደግሞ ‹ሰፊ ጎማ አስገባባትና ጎማውን በስፔሰር፣ ማለትም ከቸርኬው ኋላ በሚገባ ብረት፣ ወደ ውጪ አውጣው፤ ያኔ ሐረጎ ላይ አትንገዳገድም› አለኝ። በነዳጅ የሚያዋጣኝ የትኛው ነው?»

ጓደኞችህ የነገሩህ ሁለት ነገር ነው። ስለ ጎማ ብዛት ያሉት ስህተት ነው። ስለ ስፋት ያሉት እውነት ነው፤ ግን አንተ በምትሠራበት መንገድ ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም። የሻጩ ምክር ደግሞ ገንዘብህንም መኪናህንም የሚጎዳ ነው።

ከጎማው ልጀምር። ሰው ጎማን እንደ ሳጥን ያስበዋል። ሳጥን መሬት ላይ ስትጎትት ይፋተጋል። ጎማ ግን ይንከባለላል እንጂ አይጎተትም። ሲንከባለል ጉልበት የሚበላው ላስቲኩ ራሱ ነው። መሬት የነካው ክፍል በጭነቱ ይጨፈለቃል፤ ዞሮ ሲነሳ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። በየዙሩ እንዲህ ስለሚታሽ ይሞቃል። ኮምቦልቻ ጭነህ ደሴ ስትደርስ ውረድና የጎማውን ጎን በመዳፍህ ንካው። ለብ ያለው ነገር ከማደያ የገዛኸው ነዳጅ ነው።

ይህ የሚበላው ጉልበት የሚወሰነው ጎማው በተሸከመው ክብደት ነው። ጥሩ አስፋልት ላይ፣ ነፋሱ ልክ የሆነ ጎማ ለተሸከመው እያንዳንዱ 100 ኪሎ 1.2 ኪሎ ገደማ የሚገፋ ኃይል ይፈልጋል። እንግዲህ 900 ኪሎ ለሦስት ጎማ አካፍለው። እያንዳንዱ 300 ይደርሰዋል። ለአራት ስታካፍለው 225 ይደርሰዋል። ድምሩ ግን ያው 900 ነው። የሚፈለገው ኃይልም ሁለቱም ላይ 10.8 ኪሎ ነው። አንድ ጎማ ስለቀነስክ ያተረፍከው ነገር የለም። ሸክሙን ለቀሩት ሦስቱ ጨመርክባቸው እንጂ።

እንዲያውም ባለ ሦስት እግሩ በዚህ በኩል ትንሽ ይጎዳል። ቸርኬው 8 ወይም 10 ኢንች ነው። ትንሿ የጭነት መኪና ብዙውን ጊዜ 12 ኢንች ትይዛለች። ትንሽ ጎማ በየኮብልስቶኑ ስንጥቅና በየጉድጓዱ ጠልቆ ይገባል፤ ከዚያ መውጣት አለበት። ትልቁ ግን በላዩ ያልፋል። ደሴ ውስጥ በኮብልስቶን ሰፈር ባጃጅ ተሳፍሮ የማያውቅ የለም። ወገብህ ላይ የሚሰማህ ነቅነቅ ራሱ የባከነ ጉልበት ነው።

«ታዲያ ባጃጅ ለምን ቆጣቢ ሆነ?» ትለኛለህ። ቀላል ስለሆነ፣ ሞተሩ ትንሽ ስለሆነና ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው። ይህን ለማየት የምታውቀውን ባለ ሦስት እግር የሰው ባጃጅ፣ ኩት ከምትባለው ባለ አራት ጎማዋ ጋር አስተያያቸው። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ናቸው። የአንዱ ስፋት 1.30 ሜትር ነው፣ የሌላዋ 1.31። የአንዱ ሞተር ወደ 200 ሲሲ ነው፣ የሌላዋ 216። አንድ ጎማ ስለተጨመረባት ኩት ነዳጅ በላተኛ አልሆነችም። ሁለቱም በሊትር 30ን ያለፈ ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ተብለው የሚሸጡ ናቸው። ክብደት፣ ስፋትና ሞተር ሲመሳሰሉ ፍጆታም ይመሳሰላል።

አሁን ወደ ስፋት እንምጣ። መኪና ሲሄድ ፊቱ ያለውን አየር መግፋት አለበት። የሚገፋው አየር መጠን በፊቱ ስፋት ይወሰናል፤ ይኸውም ወርዱ በቁመቱ ማለት ነው። 1.5 ሜትር የነበረው 1.8 ሲሆን፣ ቁመቱ እኩል ከሆነ፣ የሚገፋው አየር በ20 በመቶ ይጨምራል። እስከዚህ ድረስ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። የረሱት ፍጥነትን ነው። የአየር ግፊት በፍጥነት ካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነትህን እጥፍ ስታደርግ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና ነፋስ ምንም ማለት አይደለም። ለሚበር መኪና ግን ዋናው ጠላት እሱ ነው።

አንተ ደግሞ የምትሠራው ሐረጎ ላይ ነው። ሐረጎን በጭነት የሚወጣ ትንሽ መኪና ቢበዛ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። እስኪ አብረን እናስላው። ትንሿ መኪና ሙሉ ስትጭን፣ ከሾፌሩ ጋር 16.2 ኩንታል ትሆናለች። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ጉልበት አለው። ሞተሩ ከዚያ ውስጥ ለጎማ የሚያደርሰው አንድ አምስተኛ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። በዚህ ሒሳብ ክብደቱን ወደ ላይ ማንሳት ብቻ 1 ሊትር ተኩል ይፈጃል። የጎማው መንከባለል 0.7 ሊትር ይፈጃል። አየሩን መግፋት 0.15 ሊትር ይፈጃል። መኪናዋን በ20 በመቶ ብታሰፋት የምትጨምረው 0.03 ሊትር ነው። ግማሽ ሲኒ ቡና ማለት ነው።

ይህ ግምት ነው። የሞተሩ ጤና፣ የሹፌሩ እግርና የመንገዱ መጨናነቅ ቁጥሩን ያዛባዋል። ግን የትኛው ትልቅ የትኛው ትንሽ እንደሆነ አይለውጠውም። ሐረጎ ላይ ቁጥር አንድ ክብደት ነው፣ ቁጥር ሁለትም ክብደት ነው። ስፋት ከዚያ ራቅ ብሎ ይከተላል።

ሌላ ቦታ ብትሠራ መልሴ ይለወጥ ነበር። ከሮቢት ወደ ቆቦ ባለው ሜዳ ላይ በ80 የሚሄድ መኪና ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ለዚያችው ትንሽ መኪና የአየሩ ግፊት ከጎማው በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይበልጣል። 20 በመቶ ብትሰፋ ጠቅላላ የምትፈልገው ኃይል ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። አየሩና ጎማው እኩል የሚሆኑት 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ስለ ስፋት አትጨነቅ። ከዚያ በላይ ተጨነቅ። አንድ ቀን ሥራህ ሰፍቶ ወደ ራያ ቆቦ ብትሄድ፣ ሰፊ መኪና ከመቀየርህ በፊት ከ80 ወደ 65 ዝቅ ብለህ ሞክር።

ስለ ስፋት የሚጨነቅ ሁሉ አንድ ነገር ይዘነጋል። እሱም ጭነቱ ነው። መኪናህ 1.5 ሜትር ናት፤ ወርድና ቁመቷ ተባዝቶ የሚገፋው ፊት ወደ 2.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። የቲማቲም ሳጥን ከጋቢናው ጣራ በላይ 40 ሳንቲሜትር ከደረደርክ 0.6 ካሬ ሜትር ጨመርክ። ያ 25 በመቶ ነው። ፒክአፑ ከሚሰፋብህ ይበልጣል። በሁለቱም ጎን ወጣ ብሎ የታሰረ ጆንያና ነፋስ ላይ የሚራገብ ሸራ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ጠባብ መኪና ገዝተህ በጭነት ሰፊ ልታደርጋት አይገባም። ጭነትህ ከጋቢናው ጣራ አይለፍ። ሸራህም ጥብቅ ብሎ ይታሰር።

ለነጋዴ ዋናው መለኪያ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር የሚለው አይደለም። በኩንታል ስንት ሊትር የሚለው ነው። አንተ ኪሎ ሜትር አትሸጥም፣ ሽንኩርት ነው የምትሸጠው። አንድ ኩንታል ሽንኩርት ደሴ ለማድረስ ባለ ሦስት እግሩ በጠቅላላው 194 ኪሎ ያንቀሳቅሳል። ይህ ሾፌሩን፣ ብረቱንና ሽንኩርቱን ጨምሮ ነው። ትንሿ መኪና 216 ኪሎ ታንቀሳቅሳለች። ፒክአፑ 277 ኪሎ ያንቀሳቅሳል። ባለ ሦስት እግሩ ከትንሿ መኪና በ10 በመቶ ገደማ ይሻላል። ትርፉ ይህችው ናት፤ የመጣችውም ከብረቱ መቅለል እንጂ ከጎማው ማነስ አይደለም። ፒክአፑ ከሁሉም ይርቃል። በአራቱም የሚጎትትበት ዕቃ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የምትሸከመው ብረት ነው፤ የሚያስፈልግህ ግን ለጥቂት የጭቃ ቀናት ነው። የማይጠቅምህን ሐረጎ ላይ በየቀኑ አታውጣው።

እዚህ ላይ አስተውል። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ሙሉ ስትጭን ነው። ትንሿን መኪና 5 ኩንታል ብቻ ጭነህ ብታወጣት ለአንድ ኩንታል የምታንቀሳቅሰው 274 ኪሎ ይሆናል። ያኔ ሙሉ ከጫነ ፒክአፕ ጋር እኩል ሆነች። ስለዚህ ያለፉትን ሁለት ወራት የኪራይ ደረሰኞችህን አውጣና በየጉዞው ስንት ኩንታል እንደጫንክ ቁጠር። ብዙ ቀን ከ6 ኩንታል በላይ ከሆነ ትንሿ መኪና ልክህ ናት። ብዙ ቀን 4 እና 5 ኩንታል ከሆነ በነዳጅ በኩል ባለ ሦስት እግሩ ይሻልሃል፤ ይህን አልሸሽግህም።

የጎማ አደራደር በእውነት የሚለይበት ቦታ አለ። ከአስፋልት ውጪ ነው። ክረምት ላይ ከማሳ ዳር ሽንኩርት የምታነሳበትን የጭቃ መንገድ አስብ። አይሱዙዎች አልፈውበት ሁለት ቦይ ቆፍረዋል። መሐሉ ላይ ለስላሳ ጭቃና ሣር ያለበት ጉብታ ቀርቷል። ባለ አራት ጎማ መኪና የፊት ጎማው ቦዩን ይጠቀጥቃል፣ የኋላው በተጠቀጠቀው ላይ ይከተላል። ባለ ሦስት እግሩ ግን የፊት ጎማው በመሐል ነው። ያን ጉብታ ለብቻው እያረሰ ይሄዳል፤ የኋላዎቹም የየራሳቸውን አዲስ ዱካ ይከፍታሉ። ሦስት ዱካ ማለት ነው። ለስላሳ መሬት ላይ ጎማ የሚጠይቀው ኃይል የአስፋልቱን 4 እና 5 እጥፍ ይሆናል፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ነሐሴ ላይ አንድ ባለ ሦስት እግር ከጭቃ ሲወጣ የፊት መከላከያውን ጎንበስ ብለህ እየው። ጭቃው በጎማውና በመከላከያው መሐል ተጠቅጥቆ ጎማውን እንደ ፍሬን ይዞታል። ሾፌሩ በእንጨት ሲፍቀው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጠባብ መኪናም እዚህ ይቀጣል። በግራና ቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከአይሱዙው ቦይ ካነሰ አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ጉብታው ላይ ይቀራል። መኪናው ያጋድላል፣ መሪው ይስባል፣ ነዳጁም ይጨምራል። በእንዲህ ያለ መንገድ ሁለቱንም ጎማ ጉብታው ላይና ከቦዩ ውጪ ባለው ደረቅ ጠርዝ ላይ አድርገህ መሄድ ይሻላል። ካልቻልክ ጭነቱን በሰው ትከሻ እስከ አስፋልቱ አስወጣ። ርቀቱ አጭር ከሆነ ያዋጣል።

ስፔሰርና ሰፊ ጎማ ተወው። ጎማውን ወደ ውጪ ስታወጣው ክብደቱ ፋብሪካው ካሰበው ቦታ ርቆ ያርፋል። የጎማው ኩሽኔታ ከታሰበለት በላይ ይጎብጣል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ይለቃል። ብሎኑም የበለጠ ይጨነቃል። ሐረጎ ላይ ጎማ ከወለቀብህ የነዳጅ ወሬ ያበቃል። ሰፊው ጎማ በበኩሉ ይከብዳል፣ አየር ይገፋል፣ መሪ ያከብዳል፤ ሲዞርም የመከላከያውን ጠርዝ ይነካል። ለጭነት የሚያስፈልግህ የጎማ ስፋት አይደለም። የጭነት ደረጃው በጎኑ የተጻፈበት፣ ራዲያል የሆነ፣ ፋብሪካው ያዘዘው ልክ ነው። እንዳትንገዳገድ የሚያደርግህ ደግሞ ከባዱን ከታች መጫን ነው፤ ሽንኩርቱ ከታች፣ ቲማቲሙ ከላይ።

ስለ መንገዳገድ ካነሳን ባለ ሦስት እግሩን ለሐረጎ የማልመክርበት ዋና ምክንያት እዚህ አለ። ከነዳጅ ጋር አይገናኝም፤ ግን ሳልናገር ባልፍ ጥፋቱ የእኔ ነው። አራት ጎማ መኪናውን በአራት ማዕዘን ይይዘዋል። ሦስት ጎማ በሦስት ማዕዘን ነው የሚይዘው። ቁልቁለት ላይ እየታጠፍክ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ጎን ይገፋል። ባለ አራት ጎማው እዚያ ማዕዘን ላይ ጎማ አለው። ባለ ሦስት እግሩ እዚያ ላይ ባዶ ነው፤ ክብደቱ የሚያርፍበት አጥቶ ይገለበጣል። የኋላውን ብታሰፋው የፊቱ ሹል እንደሆነ ይቀራል። ሲወጣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ብቸኛው የፊት ጎማ ይቀልና መሪ አይታዘዝም። ጉም በወረደበት የክረምት ጠዋት፣ አስፋልቱ ረጥቦ፣ ከኋላህ ተሳቢ እየመጣ ይህ እንዲደርስብህ አልፈልግም። በተጨማሪ ባለ ሦስት እግር ከከተማ ወጥቶ በዚያ መስመር ጭነት እንዲሠራ ይፈቀድ እንደሆነ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ።

የደሴ ከፍታም የራሱ ነገር አለው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለነፋስ ግፊት ጥሩ ነው፣ ለሞተር ግን ችግር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ተመጣጣኙን ያጣል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ደግሞ አየሩ ቀንሶ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላውን አስፈትተህ እየው። ጥላሸት የለበሰ ጥቁር ከሆነ ነዳጅህ ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ማስተካከሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሁለት ተመሳሳይ መኪና ቀርቦልህ አንዱ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ ለክቶ የሚረጭ) ከሆነ እሱን ውሰድ፤ ይህን ራሱ ያስተካክላል።

ብዙ ሰው «መኪናዬ ሰፊ ስለሆነች ነዳጅ ትበላለች» ብሎ ይመጣል። አንድ ደንበኛ በዚሁ ምክንያት መኪናውን ሊሸጥ ገዢ አግኝቶ ነበር። አብረን ጥቂት ነድተን፣ ፍሬን ሳንይዝ ራሷ እንድትቆም አደረግናት። ከዚያ በአራቱም ቸርኬ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግን። ሦስቱ ላይ ውሃው ፈሰሰ። የቀኝ የኋላው ላይ ቸስ ብሎ ተነነ። ፍሬኑ አልለቀቀም ነበር። ለስንት ጊዜ እየጎተተው እንደኖረ አላህ ይወቅ። ይህን ሙከራ አንተም መኪና ልትገዛ ስትሄድ አድርገው። በባዶ እጅህ ግን ቸርኬ አትንካ፤ ያቃጥላል።

ካልለቀቀ ፍሬን ቀጥሎ ሁለተኛው የነዳጅ ሌባ የፊት ጎማ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ) መዛባት ነው። መዳፍህን የጎማው ጥርስ ላይ ከውጪ ወደ ውስጥ ሳብ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጪ መልስ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከቧጠጠህ ጎማው እየተንከባለለ ሳይሆን በጎን እየተፋቀ ነው የሚሄደው። ጓደኞችህ የሚሉት ፍትጊያ የሚመጣው ያኔ ነው። ሦስተኛው የጎማው ነፋስ ማነስ ነው። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ጎሚስታ ጋ አስለካ። የኋላው ለጭነት የተጻፈውን ያህል ይሞላ።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነቅለህ በፎሌ አትውረድ። ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉህ አሉ። ኢንጀክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ካልረገጥክ ራሱ ነዳጁን ይዘጋል፤ በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩን ላለማጥፋት ይጠጣል። የካርቡሬተሩ ትንሽ ይቆጥብልህ ይሆናል። ያቺ ትንሽ ግን ፍሬንህን ታቃጥላለች። በወጣህበት ማርሽ ውረድ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ባለ አራት ጎማዋን፣ 1.5 ሜትሯን ትንሽ መኪና ግዛ። የምትመርጣት ጠባብ ስለሆነች አይደለም። 7 ኩንታል ተኩል በ8 ኩንታል ብረት ስለምትሸከምና ሐረጎን በአራት ማዕዘን ቆማ ስለምትወርድ ነው። ለባለ ሦስት እግሩ የምትተውለት 10 በመቶ ነዳጅ የፍሬንና የመረጋጋት ዋጋ ነው፤ ክፈለው። ሥራህ ወደፊት ደሴ ከተማ ውስጥ ብቻ፣ ከገበያ ወደ ሱቅ ማድረስ ከሆነ ባለ ሦስት እግሩን ለዚያ ጨምረህ ትገዛለህ። ፒክአፑን እርሳው። ከ7 ኩንታል ተኩል በላይም አትጫን፤ ባሌስትራ ተጨምሮበታል ቢሉህም ፍሬኑ አልተጨመረበትም።

ከገዛህ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ማደያ፣ በአንድ ቧንቧ፣ እስከ አፉ ሙላ። ደሴ ደርሰህ ተመለስና እዚያው መልሰህ ሙላ። የገባውን ሊትር በጫንከው ኩንታል አካፍለህ ደብተር ላይ ጻፍ። አምስት ጉዞ እንዲህ አድርግ። በኩንታል ከግማሽ ሊትር በላይ እየወጣብህ ከሆነ መኪናዋን አምጣትና በቸርኬዎቹ እንጀምራለን።